የቁም ድጋፍ፦ ጾታቸውን ስለ ለወጡ መምህራን በተጻፈው ላይ የቀረበ ሂስ

ሸማ ተራ በመርካቶ ውስጥ ካሉት ብዙ ተራዎች አንዱ ነው። ስሙ እንደሚያመለክተው የሚሸጥበት ሸማ ነው፤ ይኸውም ነጠላ፥ ጋቢ፥ ኩታ፥ ቡሉኮና የሐበሻ ቀሚስ። በዚህ ጽሑፍ ግን ገበያውን ልንዘረዝር አልተነሣንም። ልንመረምር የምንፈልገው በእንዲህ ያለ ሰፈር የሚኖር ሕዝብ «እንደግፋለን» ሲል ምን ማለቱ እንደ ሆነ፥ ይህም ድጋፍ በአስቸጋሪ ጉዳይ ሲፈተን እስከ የት እንደሚዘልቅ ነው። አስቸጋሪ ያልነው ጉዳይ የጾታ ሽግግር ነው። ወንድ ተብሎ ያደገ ሰው ሴት ሆኖ ለመኖር፥ ወይም ሴት ተብላ ያደገች ሰው ወንድ ሆና ለመኖር ስትነሣ ማለታችን ነው። ሰውየው መምህር የሆነ እንደ ሆነ ነገሩ ይከብዳል፤ መምህር በየቀኑ በሕፃናት ፊት የሚቆም፥ ልብሱና ድምፁ ሳይቀር በወላጅ ዓይን የሚመዘን ሰው ነውና።

ሸማ ተራን መነሻ ያደረግነው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፥ መርካቶ በመደጋገፍ የሚኖር ሰፈር ነው። እቁቡ ለነጋዴው የሥራ መነሻ ይሰጠዋል። እድሩም ኀዘን በደረሰበት ቤት ድንኳን ይተክላል፤ አግዳሚና ድስት ያመጣል፤ ቀብር ያስፈጽማል፤ ለኀዘንተኛውም ገንዘብ ይሰጣል። በጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ በሸማ ተራ እሳት ተነሥቶ የብዙ ነጋዴ ሀብት ወድሟል። በእንዲህ ያለ ሌሊት የጋቢ ጥቅል ከእሳት አውጥቶ የሚሸከም ሰው የባለ ሱቁን ዘርና ሃይማኖት አይጠይቅም። ሁለተኛ፥ የሚሸጠው ሸማ ራሱ ጾታን ከጾታ በለየ ሥርዐት የሚሠራ ነው። በልማድ ሴቷ ትፈትላለች፤ ወንዱ ይሸምናል። የወንዱ ኩታና የሴቷ ቀሚስ ከአንድ ድርና ማግ ቢወጡም ገበያ ላይ በየራሳቸው መደርደሪያ ይቀመጣሉ። ስለዚህ ስለ ጾታ ወሰንና ወሰኑን ስለሚሻገር ሰው ለማሰብ ሸማ ተራ ተገቢ ቦታ መስሎ ታይቶናል።

ሂሳችን ባጭሩ የሚከተለው ነው። ጾታን ስለ መሻገር የተጻፈው አብዛኛው ነገር የሚናገረው ስለ ተሻጋሪው ሰው ብቻ ነው። ምን ለበሰ? አካሉ እንዴት ሆነ? ድምፁ ምን ይመስላል? ጎረቤቱስ ምን አደረገ የሚለው ጥያቄ ግን ወይ አልተነሣም፥ ወይ በአንድ ዐረፍተ ነገር ታልፏል። እኛ ደግሞ የሰውየው ዕጣ የሚወሰነው በጎረቤቱ ነው ብለን እናምናለን። ይህን ለማሳየት በመጀመሪያ ስለ አገራችን የተጻፉ ሦስት ጽሑፎችን፥ ቀጥሎም በውጭ አገር የሦስት መምህራንን ታሪክ እንመለከታለን። መምህራኑን ሁሉ በአንቱታ እንጠራለን፤ የዚህንም ምክንያት በስተመጨረሻ እንገልጻለን። የውጭ አገር ሰዎችና መጻሕፍት ዘመን በአውሮፓውያን አቈጣጠር፥ የአገር ውስጡ ደግሞ በእኛ አቈጣጠር ተጽፏል።

የመጀመሪያው ጽሑፍ ሳይመን ሜሲንግ ስለ ደጋው አማራ ሕዝብ አጥንተው በ1957 ለአሜሪካው የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት የዶክተርነት ጥናት ነው። ሜሲንግ በዚህ ሥራ ሁለት ቃላት መዝግበዋል። አንደኛው የሴት ጠባይና አለባበስ ያለው ወንድ የሚጠራበት ነው፤ አጻጻፋቸው ጥቂት ቢለይም ወንዳገረድ የምንለው ቃል ይመስለናል። ሁለተኛው የወንድ ጠባይ ያላት ሴት የምትጠራበት ወንዳወንድ የሚለው ነው። እንደ ሜሲንግ አገላለጽ ባላገሩ እንዲህ ያለውን ወንድ የእግዚአብሔር ስሕተት አድርጎ ያየዋል፤ ሰውየውም ብቻውን ይኖራል፤ ከባላገር ሴቶች ጋር እንደ ወንድም ይወዳጃል፤ ባሎቻቸውም ጉዳት ያመጣል ብለው ስለማይሰጉ አይቀኑበትም።

በጎ ምስክርነት ነው፤ ቢያንስ እንዲህ ያለ ሰው በመካከላችን የኖረው ከትናንት ወዲያ ጀምሮ መሆኑን ያስረዳል። ጾታን መሻገር ከውጭ በቅርቡ የገባ ነገር ነው ለሚሉ ሰዎች የገዛ ቋንቋችን መልስ ይሰጣቸዋል፤ ሕዝብ ላላየው ነገር ስም አያወጣምና። ነገር ግን «ብቻውን ይኖራል» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ቆም ብለን ልንመረምረው ይገባል። በደጋው አገር ብቻውን የሚኖር ገበሬ ማለት ምን ማለት ነው? አዝመራ የሚሰበሰበው በደቦ ነው፤ ቤት የሚሠራው በጎረቤት ጉልበት ነው፤ ሬሳ የሚወጣው በሰፈሩ ሰው ትከሻ ነው። ታዲያ የወንዳገረዱ ሰብል ሲደርስ ደቦ ወጣለት ወይስ አልወጣለትም? ሲታመም ውኃ ያቀበለው ማን ነው? ሜሲንግ ይህን አልጠየቁም። ባሎች አለመቅናታቸውን እንደ መቻቻል ቈጥረውታል። እንዲህ ያለው መቻቻል ግን ሰውየው ጉዳት የለበትም ተብሎ እስከ ታመነ ድረስ ብቻ የሚቆይ ነው፤ አንድ ባል የተጠራጠረ ዕለት ያበቃል። ሰውን መቻልና ሰውን መደገፍ ልዩነታቸው እዚህ ላይ ነው። የሚችልህ ሰው አያባርርህም፤ የሚደግፍህ ሰው ግን ሌላው ሊያባርርህ ሲመጣ በበርህ ላይ ይቆማል።

ሁለተኛው ዶናልድ ዶንሃም በደቡብ ኦሞ ስለሚኖረው የማሌ ሕዝብ ጽፈው በ1990 ያሳተሙት መጽሐፍ ነው። ዶንሃም አሽቲሜ ስለሚባሉ ሰዎች ይነግሩናል። እነዚህ ሰዎች ወንድ ሆነው ተወልደው እንደ ሴት የሚለብሱ፥ የሴት ሥራ የሚሠሩና የራሳቸውን ቤት የሚያስተዳድሩ ነበሩ። በቀድሞው ዘመን በርከት ይሉ እንደ ነበርና በማሌ ንጉሥ ግቢ የታወቀ ስፍራ እንደ ነበራቸው መጽሐፉ ይገልጻል። ከሜሲንግ ይልቅ እዚህ የምናገኘው ነገር ይሻላል፤ አሽቲሜው ስም ብቻ ሳይሆን ስፍራም ነበረው። ሆኖም ስፍራው የመጣው ከላይ ነው። የንጉሡ ግቢ ሲቆም የሚቆም፥ ሲፈርስም የሚፈርስ ጥላ ነበር። የጎረቤት አጥር ተሻግሮ የሚዘረጋ እጅ ስለ መኖሩ ግን እዚህም የሚነገር ታሪክ እናጣለን። ባለሥልጣን የሰጠውን ጥላ ባለሥልጣን ይወስደዋል።

ሦስተኛው ከሁለቱ የሚቀድም፥ ለሕዝባችንም ከሁለቱ ይልቅ የቀረበ ነው፤ ይኸውም የስንክሳር ታሪክ ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ነሐሴ 15 ቀን ቅድስት እንባ መሪናን ታስባለች። እንደ ታሪኩ አባቷ ሊመንን ሲነሣ እርሷ የወንድ ልብስ ለብሳ አብራው ወደ ወንዶች ገዳም ገባች፤ እንደ መነኵሴም ኖረች። በኋላም አንዲት የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ልጅ አረገዘች፤ አባቱ ይህ መነኵሴ ነው ተብሎ ተከሰሰ። የተከሰሰውም ምሥጢሩን ገልጦ ራሱን ነጻ ማውጣት ሲችል ዝም አለ፤ ከገዳሙ ተባረረ፤ የእርሱ ያልሆነውን ሕፃን በደጅ ወድቆ አሳደገ። ከብዙ ዘመን በኋላ ሲሞት፥ ለግንዘት በተዘጋጀ ጊዜ እውነቱ ተገለጠ፤ መነኮሳቱም በሠሩት ግፍ አለቀሱ።

ይህች ቅድስት ዛሬ የጾታ ሽግግር በምንለው መንገድ ሄዳለች ብለን አንከራከርም፤ ታሪኩ የምናኔ ታሪክ ነው። ለሂሳችን የሚያስፈልገው ክፍል የመነኮሳቱ ልቅሶ ነው። እስካሁን ከተመለከትናቸው ጽሑፎች ውስጥ ጎረቤቱ የታየበት ይህ ብቻ ነው፤ የታየውም ዘግይቶ ነው። ሰውየው ደጅ ላይ በብርድ በቆየበት ዘመን አንዳቸውም ጋቢ ይዘው አልወጡም። ሬሳው ላይ ግን ሁሉም ተሰበሰቡ። የታሪኩን ጸሐፊ የምናደንቀው የማኅበሩን ጥፋት ሳይሸፍን ስለ ነገረን ነው። በዚህ ነጥብ ላይ ከዘመናዊዎቹ ሁለት ሊቃውንት ይበልጣል።

እስካሁን ያየናቸው ባላገር፥ የንጉሥ ግቢ ሰውና መነኵሴ ናቸው። በመምህርነት ሥራ ላይ ሳሉ ጾታቸውን የለወጡ ሰዎች ታሪክ ከነስሙና ከነዘመኑ በአደባባይ በብዛት የተጻፈው ግን በውጭ አገር ስለ ሆነ ወደዚያ እንለፍ።

ፓውላ ግሮስማን በአሜሪካ በኒው ጀርሲ ግዛት የሙዚቃ መምህር ነበሩ። በ1971 በሕክምና ጾታቸውን ለውጠው ሴት ሆነው ለማስተማር በጠየቁ ጊዜ የትምህርት ቦርዱ ከሥራ አገዳቸው፤ በኋላም አሰናበታቸው። ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት ሄዶ በ1974 የግዛቱ ይግባኝ ሰሚ ችሎት ስንብቱን አጸደቀው። የተሰጠው ምክንያት መምህሯ በክፍል ውስጥ ቢቆዩ ተማሪዎቹ በመንፈስ ሊጎዱ ይችላሉ የሚል ነው። ልብ ይባል፤ ደረሰ የተባለ ጉዳት አልነበረም፤ ሊደርስ ይችላል የተባለ ጉዳት እንጂ። ለብዙ ዓመታት ልጆችን ዜማ ያስተማረ ሰው ገና ባልሆነ ነገር እንጀራውን አጣ።

ሉሲ ሜዶውስ በእንግሊዝ አገር በአክሪንግተን ከተማ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነበሩ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ትምህርት ቤቱ አላሰናበታቸውም። በታኅሣሥ 2012 ለወላጆች በላከው ደብዳቤ መምህሩ ከገና ዕረፍት በኋላ ሴት ሆነው እንደሚመለሱ አስታወቀ። ወዲያው ግን ነገሩ በጋዜጦች ተሰራጨ። ዴይሊ ሜይል በተባለው ጋዜጣ አንድ አምደኛ መምህሯ በዚያ ትምህርት ቤት መቆየት እንደሌለባቸው ጻፈ። ጋዜጠኞችና ፎቶግራፍ አንሺዎች በደጃቸው ተሰበሰቡ። ሉሲ ሜዶውስ በመጋቢት 2013 ሕይወታቸው አለፈ። የሞታቸውን ሁኔታ የመረመሩት ዳኛ መምህሯ የገዛ ሕይወታቸውን እንዳጠፉ ወሰኑ፤ ጋዜጦቹንም በአደባባይ ወቀሱ። እርግጥ ሌሎችም ኀዘኖች ነበሩባቸውና ሞታቸውን ለአንድ ምክንያት ብቻ መስጠት ትክክል አይሆንም።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙ ጸሐፊዎች ቸል ያሉት አንድ ነገር አለ። መምህሯ በሕይወት ሳሉ በጻፉት መልእክት እንደ ገለጹት ከወላጆች መካከል የሚደግፏቸው ነበሩ። እነዚህ ወላጆች በጎ ቃል ለጋዜጠኞች ለመስጠት ሲሞክሩ የሚሰማቸው አላገኙም። ይህን ስናነብ የሜሲንግ ጥናት ትዝ ይለናል። እዚያ ጎረቤቱ አልተጠየቀም፤ እዚህ ደግሞ ጎረቤቱ ሳይጠየቅ ሊናገር መጥቶ ተመለሰ። ተቃዋሚው ወላጅ ዜና ሆነ፤ ደጋፊው ወላጅ ዜና አልሆነም። ከዚያ በኋላ ጋዜጣውን የሚያነብ ሰው ሰፈሩ በሙሉ መምህሯን እንደ ጠላ ቢያምን አይፈረድበትም። ድጋፍ ስለሌለ አይደለም የጠፋው፤ ድምፅ ስለ ተነፈገው ነው።

ሦስተኛዋ የህንዷ ማናቢ ባንዶፓድያይ ናቸው። በምዕራብ ቤንጋል ግዛት የቤንጋሊኛ ቋንቋ መምህር ሆነው ሲሠሩ ጾታቸውን ለወጡ። በሚያዝያ 2014 የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለእንዲህ ያሉ ሰዎች በሕግ ዕውቅና ሰጠ። በ2015 ባንዶፓድያይ በክሪሽናጋር የሴቶች ኮሌጅ ርእሰ መምህር ሆኑ፤ ጾታን ከለወጡ ሰዎች መካከል በህንድ የመጀመሪያዋ የኮሌጅ ርእስ መሆናቸው በዓለም ጋዜጦች ተወደሰ። በታኅሣሥ 2016 ግን መምህራኑና ተማሪዎቹ አልተባበሩኝም ብለው የመልቀቂያ ደብዳቤ አስገቡ። በዚያ ኮሌጅ የነበረው ጠብ በሙሉ ከጾታቸው የመጣ ነው ለማለት አንችልም፤ የአስተዳደር ክርክርም ነበረበት። ይሁን እንጂ ሕጉም ሹመቱም ምስጋናውም እያለ ጠዋት ቢሮ ሲገቡ ከጎናቸው የሚቆም የሥራ ባልደረባ አጣሁ ማለታቸው ብዙ ያስተምራል።

ሦስቱን መምህራን ጎን ለጎን ብናቆማቸው አንድ ነገር ይታየናል። ግሮስማን ሕግም ቦርድም አልነበራቸውም። ሜዶውስ ትምህርት ቤታቸው ነበራቸው፤ ደጋፊ ጎረቤቶቻቸው ግን ድምፅ አልነበራቸውም። ባንዶፓድያይ ሕግና ማዕርግ ነበራቸው፤ ባልደረባ ግን አጡ። በየታሪኩ የጎደለው ያው ነው። ድጋፍ ማለት በበጎ ስሜት ብቻ የሚቆም ቢሆን ኖሮ በአክሪንግተን ስሜቱ ነበረ። በአዋጅ ብቻ የሚቆምም ቢሆን ኖሮ በህንድ አዋጁ ነበረ። ድጋፍ ግዴታ ያለበት፥ ቀንና ሰዓት ያለው፥ የሚጠራና የሚቈጠር ሥራ እስካልሆነ ድረስ በችግር ቀን አይገኝም። ሸማ ተራ ይህን ነገር ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ እድር ማለት ይኸው ነውና። የእድር አባል ለቀስተኛ የሚሆነው ሟቹን ስለ ወደደው ብቻ አይደለም። ስሙ በመዝገብ ስለ ሰፈረ፥ ባይመጣም ስለሚቀጣ ጭምር ነው።

በዚህ ላይ የሚነሡት ተቃውሞዎች ቀላል አይደሉምና በቅንነት ልንመልስላቸው ይገባል። የመጀመሪያው የሕግ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 ተመሳሳይ ጾታ ባላቸው ሰዎች መካከል የሚፈጸምን ግብረ ሥጋ ይከለክላል። ይህ አንቀጽ ስለ ጾታ ሽግግር አይናገርም፤ በሕዝቡ ዘንድ ግን ሁለቱ ነገሮች ተደባልቀው ይታያሉ። ሰው ወንድ ወይም ሴት ነኝ ማለቱ አንድ ነገር ነው፤ ከማን ጋር ይተኛል የሚለው ሌላ ነገር ነው። ተማሪ የሆነ ሰው ሁለቱን ቢያደባልቅ ሊታረም ይገባል፤ በዚህ መደባለቅ ምክንያት ሰው ሊታሰር፥ ሊደበደብ ይችላልና።

ሁለተኛው የሃይማኖት ነው። እኛ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግን ስለ ሆነ ይህን ተቃውሞ በቅርብ እናውቀዋለን፤ እግዚአብሔር ወንድና ሴት አድርጎ ፈጠረ የሚለውን ቃልም በቃላችን ይዘነዋል። ግን በዚያው ትምህርት ቤት የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8ን አንብበናል። የአገራችን የመጀመሪያ ክርስቲያን ተብሎ የሚታሰበው፥ ባኮስ ብለን የምንጠራው የንግሥት ህንደኬ ሹም፥ ጃንደረባ ነበር። የኦሪት ሕግ እንዲህ ያለውን ሰው ከጉባኤ ያገልለው ነበር። ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 56 ግን ከወንዶችና ከሴቶች ልጆች የሚበልጥ ስም ተስፋ ሰጠው። ፊልጶስም በሠረገላው ላይ ወጥቶ ከጎኑ ከመቀመጡ በፊት ስለ አካሉ አልጠየቀውም። ጃንደረባ መሆንና ጾታን መሻገር አንድ ናቸው አንልም። የምንለው የክርስትናችን ታሪክ በራሱ የሚጀምረው በወንድነት ሚዛን ጎደሎ ከተባለ ሰው አጠገብ በመቀመጥ ነው።

ሦስተኛው የልጆች ጉዳይ ነው። ወላጅ ስለ ልጁ መፍራቱ ተገቢ ነው፤ ፍርሃቱንም ልናፌዝበት አይገባም። ይሁንና በግሮስማን ታሪክ እንዳየነው ፍርሃት ያለ ማስረጃ ፍርድ ሊሆን ይችላል። ደግሞም ልጅ ከትምህርት ቤት የሚማረው በሰሌዳ ላይ የተጻፈውን ብቻ አይደለም። መምህሩ ተዋርዶ ሲባረር፥ የገዛ አባቱም በዚያ ሲተባበር ካየ፥ ሰውን ማዋረድ እንደሚቻል ይማራል። መምህሩ እየተከበረ ሥራውን ሲቀጥል ካየ ደግሞ ግር የሚል ነገር ሲያጋጥም ሰውን ሳይጥሉ ማሰብ እንደሚቻል ይማራል። ሁለተኛው ትምህርት ይሻላል ብንል የምንሳሳት አይመስለንም።

«የእኛ ማኅበረ ሰብ ለዚህ ዝግጁ አይደለም» የሚል አራተኛ ተቃውሞም ይሰማል። ይህን ለመመለስ ከራሳችን ታሪክ ሁለት ነገር እንጠቅሳለን። አንደኛው የሸማኔው ታሪክ ነው። አገሩ በሙሉ የሸማኔውን ልብስ እየለበሰ ሸማኔውን ቡዳ ይለው ነበር፤ ከእርሱ ጋር መጋባትንም ይጸየፍ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው የሚሳደብ ሰው እንደሚቀጣ በአዋጅ አስነገሩ። ስድቡ ግን በአዋጁ ማግስት አልቀረም። እየቀነሰ የሄደው ሸማኔውና ነጋዴው በየቀኑ አንድ ገበያ ሲውሉ፥ በአንድ እድር ሲጻፉ፥ ልጆቻቸውም በአንድ ወንበር ሲቀመጡ ነው። ይህም የህንዱን ታሪክ ያስታውሰናል፤ አዋጅ በር ይከፍታል፥ አስገብቶ የሚያስቀምጠው ግን ጎረቤት ነው።

ሁለተኛው የእድር የራሱ ታሪክ ነው። የኤድስ በሽታ በአዲስ አበባ በተስፋፋበት ጊዜ ሕመምተኛው በሁለት እሳት ይነድ ነበር፤ በደዌውና በጎረቤቱ ሽሽት። እድሮች በመጀመሪያ የሚያውቁት ቀብር ብቻ ስለ ነበር ሬሳ በማውጣት ደከሙ፤ ገንዘባቸውም ተመናመነ። ከዚያ በኋላ አንዳንዶቹ ደንባቸውን እያሻሻሉ በሕይወት ላሉት ሕሙማንና ወላጆቻቸውን ላጡ ሕፃናት መርዳት ጀመሩ። አሉላ ፓንክኸርስትና ዳመን ኃይለ ማርያም በ2000 ባሳተሙት ጥናት እድር በዚህ በሽታ ላይ ሊሠራ የሚችለውን ሥራ መርምረዋል። የጾታ ሽግግር በሽታ አይደለምና ነገሩን ከነገሩ አናመሳስልም። የሚመሳሰለው የጎረቤቱ ሁኔታ ነው፤ ትናንት ከሕመምተኛው ጋር ቡና መጠጣት የፈራ ሰፈር በኋላ ደንብ ጽፎ መዋጮ አወጣለት። ዝግጁ ሆኖ የጀመረ ሰፈር አልነበረም፤ እየሠራ ነው የተዘጋጀው።

ባህላችን የቁም ተዝካር የሚባል ነገር ያውቃል። ሰው ሳይሞት በሕይወቱ ሳለ ተዝካሩን ያወጣል፤ ወዳጆቹ ሲበሉና ሲጠጡ፥ ካህናቱም ሲጸልዩለት በዓይኑ ያያል። እኛ የቁም ድጋፍ ያልነውም ከዚህ የተወሰደ ነው። በመነኮሳቱ ልቅሶ፥ በአክሪንግተንም ወቀሳ እንዳየነው ከሞት በኋላ የሚደርስ ድጋፍ ለሟቹ አይጠቅምም። ለቀረው ሰው ኅሊና ማስታገሻ ይሆናል እንጂ።

ታዲያ መምህር የሆኑ የሸማ ተራ ነዋሪ እንዲህ ያለውን ኑሮ ቢጀምሩ ጎረቤት ምን ያደርጋል? ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ምሥጢር መጠበቅ ነው። ወሬ በሰው ሕይወት ላይ አደጋ በሚያመጣበት አገር ከሁሉ የሚበልጠው ድጋፍ አፍን መዝጋት ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ የእድር መዝገብ ነው፤ ስማቸው እንዳይሰረዝ፥ መዋጯቸውም እንዳይመለስ አንድ አባል እንኳ ተነሥቶ ይናገር። ከዚያም ቤት አከራዩ እንዳያስወጣቸው፥ ትምህርት ቤቱም ያለ ጥፋት እንዳያሰናብታቸው ሽማግሌ መላክ ነው። ሽማግሌ መላክ ለባልና ሚስት፥ ለነጋዴና ለባለ ዕዳ የምናውቀው ሥርዐት ነው፤ ለዚህ አይሆንም የሚል ደንብ የለም። ይህን ሁሉ ለማድረግ ስለ ጾታ ያለንን አሳብ መለወጥ ግድ አይደለም። የእድር ዳኛ ሟቹ ጻድቅ መሆኑን መርምሮ ድንኳን አይተክልም።

እዚህ ላይ የአንቱታውን ምክንያት እንገልጻለን። አማርኛ «አንተ» ወይም «አንቺ» ሲል ጾታን ይለያል፤ «እሱ» እና «እሷ» ሲልም እንዲሁ። «እርስዎ» እና «እሳቸው» ሲል ግን አይለይም። «መምህሩ» እና «መምህሯ» ብለን ብንለይ እንኳ «እሳቸው መጡ» ያልነው ለሁለቱም ይሆናል። ይህ የቋንቋ ሊቃውንት ሁሉ የሚያውቁት ነገር ነው፤ ትርጓሜው ግን በደንብ የታሰበበት አይመስለንም። አማርኛ ሰውን ባከበረ ጊዜ ጾታውን መጠየቅ ይተዋል። ክብር ከፍ ሲል ጥያቄው ይወርዳል። እንግዲህ ተማሪ መምህሩን፥ ጎረቤትም ጎረቤቱን የሚጠራበት ከጥንት የተዘጋጀ ቃል አለን፤ አዲስ ቃል ከውጭ ማስመጣት አያስፈልገንም። የጎደለው ቃሉን በችግር ቀን የሚናገር አፍ ነው።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ምሳሌ ሁላችንም እንጠቅሰዋለን፤ በሸማ ተራ ሲባል ደግሞ ያምራል። ነገር ግን ምሳሌው ስለ ማሰር ነው፤ የድር ሥራ ግን ማሰር ብቻ አይደለም። ድር ጋቢ ይሆናል፤ ጋቢም የበረደውን ሰው ያለብሳል። ሰፈር ተባብሮ ሰውን ማሰር እንደሚችል በበቂ ታይቷል። ወደፊት በዚህ ጉዳይ ላይ የሚጽፉ የትምህርት ጓደኞቻችን ስለ ተሻጋሪው ሰው ልብስና አካል መመርመሩን ትተው ጎረቤቱን ይጠይቁ፤ ደቦው ወጣ ወይ? ስሙ በመዝገቡ አለ ወይ? የበጎ ተናጋሪው ቃል ተጻፈ ወይ? በኀዘን ጊዜ የሰፈሩ ሰው የነጠላውን ጥለት ወደ ላይ አዙሮ ይለብሳል፤ ያየው ሁሉ ኀዘንተኛው ብቻውን እንዳልሆነ ያውቃል። ለሟች ይህን ያህል የሚያውቅ ሕዝብ ለቁመኛው የሚሆን ምልክት ያጣል ብለን አናምንም።